ፓይፑ ዝም ሲል፦ ምልክት፣ መንስኤ፣ መፍትሄ

ምልክቱ፦ ሊኑክስ ላይ ሎጉን (የፕሮግራሙን መዝገብ) አዲስ መስመር በመጣ ቁጥር በሚያሳየው «ቴይል -ኤፍ» ትከታተላላችሁ፣ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብለው) አሳልፋችሁ በግሬፕ፣ በመስመር መራጩ፣ ታጣራላችሁ፤ ይሠራል። ከግሬፑ ኋላ ሌላ ግሬፕ ወይም ከመስመር ቆርጦ የሚያወጣውን «ከት» ስትጨምሩ ግን ስክሪኑ ጭጭ ይላል። የመጨረሻውን ትእዛዝ ስታነሱት መስመሮቹ ከተመለሱ ጥፋቱ ምናልባት የባፈር፣ ማለትም ውጤት ከመለቀቁ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ፣ ነው።

መንስኤው፦ ግሬፕ ወደ ተርሚናል ሲጽፍ መስመር በመስመር ይለቃል። ወደ ፓይፕ ሲጽፍ የሚጠቀምበት የሲ ቋንቋ ላይብረሪ ያጠራቅማል፤ ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 4096 ባይት እስኪሞላ። መስመሩ 100 ባይት ቢሆን 40 ያህል ስህተት ካልተጠራቀመ አንድም አይታይም። በሰዓት አንድ ስህተት የሚመዘግብ ሰርቨር ከአንድ ቀን በላይ ዝም አለ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ኮንትሮል-ሲ ስትጫኑ ባፈሩ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ባዶ ስክሪን አይቶ «ስህተት የለም» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው። መጀመሪያ ሎጉን በቀጥታ ፈትሹት!

መፍትሄው፦ መካከል ላይ ላለው ግሬፕ ሁሉ «--ላይን-ባፈርድ» ስጡት። አንዱን ከዘለላችሁ እዚያው ይታገታል። የመጨረሻው ተርሚናል ላይ ስለሚጽፍ አያስፈልገውም፤ ቴይልም በክትትል ላይ ሳለ አያጠራቅምም። ሌሎች ፕሮግራሞች መካከል ላይ ሲሆኑ፦ ለሴድ «-ዩ»፣ ለፓይተንም «-ዩ»፣ ለኦክ ከእያንዳንዱ ፕሪንት በኋላ «ኤፍፍላሽ()»። ዴቢያን ላይ በነባሪ የሚመጣው የኦክ ዓይነት፣ ኤምኦክ፣ ግን የሚያነበውንም ስለሚያጠራቅም «-ደብልዩ ኢንተራክቲቭ» ካልተጨመረለት ኤፍፍላሽ ብቻውን አያድነውም። ከት የራሱ አማራጭ ስለሌለው ከፊቱ ባፈሩን ወደ መስመር በመስመር የሚቀይረው ትእዛዝ «ኤስቲዲባፍ -ኦኤል» ይግባ፤ ኦው ትንሽ፣ ኤሉ ትልቅ። በስታቲክ (ላይብረሪውን በውስጣቸው ይዘው) የተገነቡ ፕሮግራሞች ላይ ይህ ምንም አይሠራም፤ የስህተት መልእክትም አይሰጥም፤ ስለዚህ ሠርቷል ብላችሁ አትመኑ።

እኩለ ሌሊት ላይ በድንገት ዝም ካለ ነገሩ ሌላ ነው፦ ሎጎችን በየጊዜው የሚያድሰው ሎግሮቴት የፋይሉን ስም ቀይሮታል፣ ቴይል አሮጌውን ይዞ ቀርቷል። በትልቁ ኤፍ ክፈቱት።

የስህተት መልእክቶች ግሬፑን አልፈው ስክሪን ላይ ከፈሰሱ፣ ከፓይፑ በፊት 2>&1 አስገቡ። ወደ ፋይል ሲሆን > ፋይሉ ይቀድማል፣ 2>&1 ይከተላል፤ ከገለበጣችሁት ስህተቱ ፋይሉ ውስጥ አይገባም።

ፋይልን ገጽ በገጽ በሚያሳየው ሌስ ውስጥ [31ኤም የሚል ዝብርቅርቅ ካያችሁ፦ የቀለም ኮድ ነው፣ «ሌስ» በትልቁ አር። ረጅም መስመር እየተጠቀለለ ካስቸገረ፦ በትልቁ ኤስ።

ስክሪፕት በመውጫ ኮድ 141 ከወጣ፦ አንባቢው፣ ለምሳሌ የመጀመሪያ መስመሮችን ብቻ የሚያነበው «ሄድ»፣ ቀድሞ ዘግቶ ጸሐፊው በሲግፓይፕ (በተዘጋ ፓይፕ ላይ ለሚጽፍ በሚላክ ምልክት) ተገድሏል፤ 128 ሲደመር የምልክቱ ቁጥር 13።