አድገው የወጡ ልጆች ለገና ሲመጡ

ካቻምና፣ በገና ማታ፣ ድስት እያጠብኩ አለቀስኩ። ማንም አልተጣላም። ሦስቱም ልጆቼ መጥተው ነበር። ግን ትልቋ ከባሏና ከልጇ ጋር ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ወደ አማቶቿ ሄደች፣ መሐለኛው ሶፋ ላይ ተኝቶ ዋለ፣ ትንሹ ደግሞ ስልኩን ሲነካካ አመሸ። ሦስት ቀን ሙሉ ማድቤት የከረምኩት ለማን እንደሆነ ግራ ገባኝ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። እኔ የጠበቅኩት የዛሬ ሃያ ዓመት በር በሩን እያዩ ሲጠብቁኝ የነበሩትን ልጆች ነው። የመጡት ግን ሥራ ያደከማቸው፣ ትዳር ያላቸው፣ ሌላም ቤት የሚጠብቃቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አምና ነገሩን ሌላ መልክ አስያዝኩት፣ እና ከስንት ዓመት በኋላ ተደስቼ ዋልኩ። እንዴት እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። ያልተሳካልኝም አለ፣ እሱንም አልደብቅም።

ቀኑን ሁለት ወር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

መጀመሪያ አጠያየቃችሁን አስተካክሉ። «ትመጣላችሁ አይደል?» ጥያቄ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው። ልጅ እንዲህ ሲባል «እሺ እማ» ይላል፣ ከዚያ ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል። «ዘንድሮ ለገና ምን አስባችኋል?» በሉና ዝም በሉ። ዝም ማለቱ ነው ከባዱ። እኔ ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ ራቅ አድርጌ ነው የምችለው።

ልጃችሁ ካገባ የሱን ገና የሚጠብቅ ሌላ እናት አለች፣ ይቺን ሴት ደግሞ እንደ ተቀናቃኝ አትዩዋት፣ እሷም እንደኛው እናት ናት፣ ማታ ማታ ልጄ ይመጣ ይሆን እያለች ነው የምታድረው። ሁለቱ ቤተሰቦች በተለያየ አቆጣጠር የሚያከብሩ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። አንዱ ዲሴምበር 25 ሌላው ጃንዋሪ 7 ካለ በመሐል 13 ቀን አለ፣ ሁለቱም ጋ ተረጋግቶ መዋል ይቻላል። የአርመን ሐዋርያዊት ቤተክርስቲያን እንዲያውም ጃንዋሪ 6 ነው የምታከብረው።

ቀኑ አንድ ከሆነስ? ሦስት መንገድ አውቃለሁ። አንድ ዓመት እኛ ጋ፣ አንድ ዓመት እነሱ ጋ መባባል። ወይ ዋዜማውንና ዕለቱን መካፈል፣ ይኼ ግን ሁለቱ ቤቶች ሲቀራረቡ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ካልሆነ ልጆቹ በዓሉን መኪና ውስጥ ነው የሚያሳልፉት። ሦስተኛው የኔ ምርጫ ነው፤ ሁሉም በሚመቻቸው ሌላ ቀን መሰብሰብ። «ያለ ቀኑ ገና አለ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በምዕራባውያን አብያተ ክርስቲያናት እኮ የገና ወቅት አሥራ ሁለት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ብትሰበሰቡ ማን ይከሳችኋል? ቤተክርስቲያን የሚኬደው በዕለቱ ነው፣ ማዕዱ ግን ትንሽ ይጠብቃል።

ከሩቅ አገር የሚመጣ ልጅ ካለ ትልቁን ግብዣ በደረሰበት ቀን አታድርጉ። የሰውነት ሰዓት የሚስተካከለው ባጠቃላይ ሲታይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ወደ ምሥራቅ ሲበረር ደግሞ ይብሳል። ስምንት ሰዓት ልዩነት ካለው አገር የመጣ ልጅ ማዕድ ላይ ዓይኑ ሲከደን ንቀት አይደለም። ያ ካቻምና ሶፋ ላይ ተኝቶ የዋለው መሐለኛው ልጄ በዋዜማው ሌሊት ነበር ከአውሮፕላን የወረደው። እኔ ግን አኮረፍኩት።

ቤቱን በተመለከተ

የድሮ ክፍላቸው የድሮ ክፍላቸው እንዳልሆነ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የኔ ትንሹ በሩን ከፍቶ የራሱን አልጋ ሲያጣ፣ በቦታው የስፌት መኪናና የጨርቅ ክምር ሲያይ፣ ሃያ ሰባት ዓመቱ ሆኖ ፊቱ እንደ ሕፃን ነው የተለወጠው። «ዕቃዎቼስ?» አለ። በአንድ ካርቶን አስቀምጬለት ነበር፣ እሱን ሳሳየው ነው የተረጋጋው።

ከዚህ በተረፈ ብዙ አትልፉ። የቤቱን ቁልፍ ስጧቸው፣ በገቡና በወጡ ቁጥር እንዳያንኳኩ። የዋይፋዩን ፓስወርድ ጽፋችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ለእያንዳንዱ ፎጣ አውጡ። ባለትዳሮች ለብቻቸው የሚሆኑበት በሩ የሚዘጋ ክፍል ይኑራቸው። ሆቴል እናድራለን ካሉም አይክፋችሁ። አንዳንዱ ትዳር ከአማት ቤት ግድግዳ ራቅ ሲል ነው የሚስቀው።

የልጅ ልጅ የሚመጣ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ። መንበርከክ ነው። በእውነት ተንበርከኩና ሳሎኑን በሕፃን ዓይን ቁመት እዩት። ገመዱ፣ የጠረጴዛው ጥግ፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ሻማ፣ የአያት መድኃኒት ያለበት ቦርሳ፣ ሁሉም ይታያችኋል። ከሁሉ የከፋችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ትንሿ ባትሪ ናት። ሪሞት ውስጥ፣ የሚያበሩና የሚዘፍኑ መጫወቻዎች ውስጥ አለች፣ ገና ደግሞ መጫወቻ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ሕፃን ከዋጣት በሁለት ሰዓት ውስጥ የምግብ ቧንቧውን ልታቃጥል ትችላለች። ስለዚህ ልጁ ውጧታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «ትወጣለች» ብሎ መጠበቅ የለም፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ያልተፈጨ ለውዝና ኦቾሎኒም ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፣ ያንቃል።

እንቅልፍ ሌላው ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ቀን የሚተኛውን ጨምሮ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት። የምሳውን ሰዓት ስትወስኑ መጀመሪያ «ልጁ ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?» ብላችሁ እናቱን ጠይቁ። እንቅልፉ ያለፈበት የሁለት ዓመት ልጅ የትኛውንም ግብዣ ማፍረስ ይችላል፣ አይቻለሁ። እና እባካችሁ፣ ከወላጆቹ ጀርባ ከረሜላ አትስጡ። «አንድ ከረሜላ ምን ያደርገዋል» ብዬ በጓዳ በኩል ስሰጠው ልጄ አየችኝ። ምንም አላለችኝም። ማታውን ሙሉ ግን ልጁን ከጭኗ አላወረደችውም።

ሥራውን አካፍሉ፣ ከዚያ ከማድቤት ውጡ

ልጆቻችን የማያግዙን ሰነፍ ሆነው ብቻ አይደለም። እኛው ነን «ተቀመጪ፣ አንቺ እንግዳ ነሽ» እያልን የምንገፋቸው፣ ከዚያ ደግሞ ማታ ወገባችንን ይዘን «ማንም አላየኝ» የምንለው። ሥራ ስትሰጡ ለይታችሁ ስጡ። «አግዙኝ» ማለት ለማንም አልተባለም ማለት ነው። «የሚጠጣውን አንተ ታመጣለህ፣ እስከ ዋዜማው ምሽት» ማለት ግን ይገባል።

አምና አንዱን እራት ሙሉ በሙሉ ለመሐለኛው ልጄ ለቀቅኩለት። ሽንኩርቱ ሲያርር ሸተተኝ። እጄ በላኝ። ተነስቼ ነጠላዬን ለብሼ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ዞሬ መጣሁ። ስመለስ ሌላ ሽንኩርት ከትፎ እንደገና ጀምሯል፣ እህቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ እየሳቀችበት ነው። እራቱ አንድ ሰዓት ዘገየ፣ ምንም አልሆንንም። ከሁሉም ደስ ያለኝ እሱን ነው፣ ሁለቱ እንዲያ ሲሳሳቁ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። የተበሰለ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ወደ ፍሪጅ። ጨዋታ ሲደራ ይረሳል፣ ስለዚህ ለአንድ ሰው ኃላፊነቱን ስጡ። ለኛ ትንሹ ስልኩ ላይ አላርም ይሞላል። ለካ ስልኩም ለዚህ ይጠቅማል።

ወጪን በሚመለከት፣ «እኩል እናዋጣ» ከማለታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ኪስ አስቡ። ሥራ የለቀቀና ያልተናገረ ሊኖር ይችላል። ለብቻ ለብቻ ደውላችሁ ጠይቁ። ገንዘብ የሌለው ልጅ ጉልበት አለው፣ ዕቃ ያጥብ፣ ሰው ከኤርፖርት ያምጣ።

ስጦታ

ስምንት ሰው ለእያንዳንዱ ስጦታ ይስጥ ከተባለ 56 ስጦታ ነው። ማን ይችለዋል? ዕጣ አውጡና እያንዳንዱ ለአንድ ሰው ብቻ ይስጥ፣ 56ቱ ስምንት ይሆናል። ብጣሽ ወረቀት ላይ ስም ጽፋችሁ ከባርኔጣ ስታወጡ ግን አንዱ የራሱ ስም ይደርሰዋል፣ ብዙ ጊዜ። ማንም የራሱን ሳያወጣ የመቅረቱ ዕድል 37 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ደግማችሁ ብታወጡ አይግረማችሁ። የዋጋ ጣሪያ አስቀምጡ፣ ጣሪያውም ትንሽ ገቢ ባለው ልጅ አቅም ይሁን። ሕፃናት ዕጣው ውስጥ አይገቡም፣ እነሱ ሁሉም ይሰጣቸዋል።

ከሁሉም የተሻለው ስጦታ ግን ምንም አላስወጣኝም። የድሮ ፎቶ ያለበትን ሳጥን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። እናቴ አጠገባችን ነበረች። አንዷን ፎቶ አንስታ ወደ መስኮቱ አዙራ ስታያት ቆየችና «ይቺ እኮ ምንጣፏን ለኔ ጥላልኝ የሄደችው ጎረቤቴ ናት» አለች። ያንን ታሪክ ሰምተነው አናውቅም። ትንሹ ቀስ ብሎ ስልኩን ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጎ ጎኗ አስቀመጠው። ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። ስሞቹን ከፎቶዎቹ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ፣ እስክሪብቶ ያልፋል፣ ፊቱን ያበላሻል።

አፍ ሲያመልጥ

«አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የተባለው ለበዓል ማዕድ ይመስለኛል። መቼ ነው የምታገቢው፣ ሁለተኛ ልጅስ፣ ደሞዝ ጨመሩልህ፣ ወፈርሽ፣ ከሳህ። እነዚህን ጥያቄዎች እርሷቸው። ልጃችሁ ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር ካለ ሰው በተሰበሰበበት አይነግራችሁም፣ አጠገባችሁ ሆኖ ዕቃ ሲያደርቅ ነው የሚነግራችሁ፣ ወይ መኪና ውስጥ፣ ዓይን ለዓይን በማትተያዩበት ቦታ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጋር ብቻችሁን የምትሆኑበት አጋጣሚ ፍጠሩ። ሱቅ አብራችሁ ሂዱ። እኔ የልጄን የሥራ ጣጣ የሰማሁት ነዳጅ ወረፋ ላይ ነው።

አክስትና አጎት ግን አፋቸውን አትዘጉም። ቀድማችሁ ደውላችሁ «ስለ ፍቺዋ እንዳታነሱባት» ማለት ትችላላችሁ። እኔ ብያለሁ። አንዷ አነሳችው። ትልቋ ልጄ ተነስታ ወጣች፣ ተከትያት ወጣሁና በረንዳ ላይ ዝም ብለን ቆምን። ለዚህ መድኃኒት የለኝም።

በዓመቱ ሰው ከሞተባችሁ ስሙን ጥሩ። ሁሉም ያስባል፣ ሁሉም ሌላውን ላለማስለቀስ ዝም ይላል። አንድ ሰው «አባዬ ይሄን ይወድ ነበር» ሲል ነው የሚቀልለው።

ያልመጣውንም ልጅ አትርሱ። ቪዲዮ ስትደውሉለት የሰዓቱን ልዩነት አስልታችሁ ቀድማችሁ ቅጠሩ፣ ስልኩንም ከሰው ሰው አታዙሩት፣ ጣሪያና አገጭ ነው የሚያየው። የሆነ ነገር አስደግፋችሁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቁሙትና እንደማንኛውም ሰው ይቀመጥ። በነፃው ዙም ከሆነ 40 ደቂቃ ላይ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ምርቃቱን ለመጨረሻ አታቆዩት።

ሲሄዱ

«አሁኑኑ?» አትበሉ። የሚሄዱበትን ሰዓት መጀመሪያ ስትነጋገሩ ጠይቃችሁ ያዙት፣ እሱን አክብሩ። የሚወስዱትን ምግብ ከመጫናችሁ በፊት ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፣ አውሮፕላን የሚሳፈር ልጅ ኪሎው ውስን ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ነገር ሻንጣ በተነሳበት በር ላይ አታንሱ፣ ከሳምንት በኋላ ደውሉ።

ከወጡ በኋላ አልጋ ስታነጥፉ ከግድግዳው ሶኬት ላይ ቻርጀር ታገኛላችሁ። አንዱ ሁሌም ይረሳል። እኔ ወዲያው ፎቶ አንስቼ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ እለጥፈዋለሁ። «የማነው?» አምና ሦስቱም «የኔ አይደለም» አሉ። እስካሁን እዚያው ሶኬት ላይ ነው።