ዝናብን ያልቆጠረ ፕሮግራም፦ በልምምድ፣ በቤትና በሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ከተማ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ሆኜ መሥራት ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። ወደ እኔ የሚመጡት በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከሠላሳ አምስት ያለፈ፣ ሥራና ልጆች ያሏቸው፣ ሐኪም እንቅስቃሴ አድርጉ ብሏቸው ወይም ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አጥሯቸው የወሰኑ ሰዎች ናቸው። ጀምረው ያቋረጡትን አንድ በአንድ ሳስባቸው ስንፍና ያሸነፋቸው ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ያቋረጡት ቆርጠው ስለ ተነሡና ያንን ቁርጠኝነት አንዲት ቀን እንኳ በማትነቃነቅበት ዕቅድ ውስጥ ስለ ቆለፉበት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝና ደጋግሜ የማየው ስህተት ይኸው ነው፦ ዝናብ በማይዘንብበት አገር፣ ብቻውን ለሚኖር፣ ጎረቤትና ዘመድ ለሌለው ሰው የሚሆን ፕሮግራም ማውጣት። የምንኖረው ጅማ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ሲወርድ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ ንጋቱም ይጨልማል። ዝናቡ ሲያባራ የቡና ለቀማ ይደርሳል፣ ከቡና ጋር የተያያዘ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ እስከ ታኅሣሥ ድረስ እንቅልፉን እንኳ በልኩ አያገኝም። በዚህ መካከል ልቅሶ፣ ሠርግና እንግዳ አለ፤ የልጅ ትኩሳትም ይመጣል። እነዚህ ነገሮች በየወሩ የሚደርሱ ሆነው ሳለ ፕሮግራሙ ላይ ቦታ የሚሰጣቸው ሰው ግን አላገኘሁም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ የቡና ነጋዴ መጀመሪያ ወደ እኔ ሲመጡ በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር ይዘው ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ሦስቱን ቀን ወደ ጅሬን ዳገት ሩጫ ይላል። ሦስት ሳምንት አንዲት ቀን ሳያጎድሉ ሠሩ፣ በያንዳንዱም ቀን ላይ ምልክት አደረጉ። በአራተኛው ሳምንት ለሦስት ቀን ዝናብ ጣለ፤ ወዲያው የጎረቤት ልቅሶ ተከተለ። ከዚያ በኋላ ያለው የደብተሩ ገጽ ባዶ ነው። ከአራት ወር በኋላ ተመልሰው መጡና "ከሰኞ ጀምሬ እንደ አዲስ ልነሣ ነው" አሉኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። "ጋሼ፣ ሰኞን ለምን እንጠብቃለን? አሁኑኑ ሃያ ደቂቃ እንራመድ" ብያቸው በለበሱት ልብስ ወደ አዌቱ ድልድይ ደርሰን ተመለስን።

ሃያ ደቂቃ ምን ያደርጋል የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ነው። መጠኑ የተቀመጠው በሳምንት እንጂ በቀን አለመሆኑን ልብ ይበሉ። ከዚያ በፊት የነበረው መመሪያ አንድ እንቅስቃሴ የሚቆጠረው ሳይቋረጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሲቆይ ነው ይል ነበር፤ አዲሱ ይህን ገደብ አንሥቶታል። ስለዚህ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ገበያ በባጃጅ ፋንታ በእግር የሄደ ሰው ሳምንቱን እየሞላ ነው። ጉልበትም ቢሆን በሁለትና በሦስት ቀን አይጠፋም፤ የሚነሣው ክብደት እስካልቀነሰ ድረስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ ልምምድ እንኳ ቀድሞ የተገነባውን ለብዙ ሳምንታት ሊያቆየው ይችላል። ሰውን ከልምምድ የሚያስወጣው የጎደለው ቀን ሳይሆን ከጎደለው ቀን በኋላ የሚመጣው "በቃ ተበላሸ" የሚለው ሐሳብ ነው።

እኔ አሁን ለሁሉም ሁለት ፕሮግራም እሰጣለሁ። አንደኛው የሰፊ ቀን፣ ሁለተኛው የጠባብ ቀን ነው። የጠባቡ ቀን በረንዳ ላይ ይሠራል፦ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ መነሣት ሃያ ጊዜ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽአፕ አሥራ አምስት ጊዜ፣ ባሉበት መራመድ አምስት ደቂቃ፣ ይህንኑ ሁለት ጊዜ መድገም። የማይነቃነቀው በሳምንት ሦስት ጊዜ መሠራቱ ብቻ ነው፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው እንደ ሁኔታው ይዛወራል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው ስህተት ልምምድን በሰዓት ብቻ ማሰር ነው። አንዲት ነርስ ተረኝነቷ በየወሩ ስለሚለዋወጥ "ለእኔ ስፖርት አይሆንም" ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ሰኞና ሐሙስ ማለቱን ትተን ልምምዱን ከተረኝነቱ ጋር አሰርነው፦ ከሌሊት ተረኛነት በወጣች ቀን ተኝታ ስትነሣ ማሳሳብና ቀላል እርምጃ፣ ዕረፍት በሆነችበት ቀን ደግሞ ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ። የረመዳን ጾምም እንዲሁ ነው። ወሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ ያለፈው ዓመት ሰዓት ለዘንድሮው ላይመች ይችላል። የሚጾሙ ሠልጣኞቼ ከማፍጠራቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ ክብደት የሚያነሡት አፍጥረው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ምግቡ ከሆዳቸው ቀለል ካለ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩትም ይህንኑ ማስተካከያ ያደርጋሉ።

የሰውነት መተጣጠፍን በተመለከተ ጀማሪዎች የሚሠሩት ጥፋት ዓይኔ እያየ ጡንቻ ያስቀድዳል። ከአልጋ ተነሥተው፣ ሰውነታቸው ገና ሳይሞቅ፣ ጉልበታቸውን ቀጥ አድርገው የእግር ጣታቸውን ለመንካት ወደ ታች እየተወረወሩ ይመለሳሉ። ጡንቻ ውስጥ መሳሳቡን የሚከታተሉ ጥቃቅን የነርቭ ክፍሎች አሉ፤ በድንገት ሲጎተቱ ጡንቻው ራሱን እንዲጠብቅ መልሶ እንዲኮማተር ያዝዙታል። እርስዎ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ጡንቻዎ ወደ ሌላው ትጓተታላችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ አምስትና አሥር ደቂቃ ይራመዱ፣ እጅና እግርዎን ያዟዙሩ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደሚሳብበት ቦታ ይድረሱ፣ ሳይወዛወዙ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ይቆዩ፣ ትንፋሽዎን አይያዙ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። መሳብ ይሰማዎት፤ የሚወጋ ሕመም ከተሰማዎት ግን አልፈዋልና ይመለሱ። ረጅሙን ማሳሳብ ከሩጫና ከክብደት በኋላ ያድርጉት፤ አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ አሳስቦ ወዲያው ለፍጥነት ወይም ለዝላይ መነሣት ጉልበትን ይቀንሳል።

ትኩሳት ይዞዎት ልምምድ አይሥሩ።

ስለ ቤተሰብ የምጽፈው እኔ ራሴ የሠራሁት በደል ስለሆነ ይከብደኛል። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የምሠራውን ልምምድ አልነካም አልሁ። ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ከሕፃኑ ጋር ስትነሣና ስትተኛ ታድራለች፤ ጎህ ሲቀድ ጥቂት ልታሸልብ የምትችልባት ብቸኛ ሰዓት እኔ ጫማዬን አስሬ የምወጣባት ሰዓት ነበረች። ለሰባት ሳምንት ይህን አደረግሁ፤ ዲሲፕሊን መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት በር ላይ ደርሼ ዞር ስል ሕፃኑን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወስዷት አየኋት። ጫማዬን አወለቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋቱ የእርሷ እንቅልፍ ሆነ፣ የእኔ ልምምድ ወደ ምሽት ሄደ፣ አንዳንድ ቀንም ሕፃኑን አቅፎ በግቢው ውስጥ መመላለስ ሆነ። የራስዎን ሰዓት ከመወሰንዎ በፊት ያ ሰዓት በቤትዎ ውስጥ የማን እንደሆነ ይጠይቁ። እናትዎ አብረው የሚኖሩ ከሆነ ቡናው የሚፈላበትን ሰዓት ጭምር ይጠይቁ፤ በየቀኑ ከቡናው ተነሥቶ የሚሄድ ልጅ ያሳዝናቸዋል።

በሥራ በኩል የማየው ስህተት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ፈቃድን በዕለቱ መጠየቅ ነው። በግል ድርጅት ለተቀጠሩ ሰዎች የሚሠራው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት ይወስናል። ሆኖም የሥራው ጠባይ ሲያስፈልግ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ቀናት ላይ ማከፋፈል ይፈቅዳል፤ በዚህ አሠራር በቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሊጨመር የሚችለው ግን ቢበዛ 2 ሰዓት ነው። ይኸው አዋጅ ለአባት የሦስት ተከታታይ ቀን የወሊድ ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ የዓመት ፈቃዱም በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ብዙ ሠልጣኞቼ ይህን ሳያውቁ ከአለቃቸው ጋር በስልክ ይጨቃጨቃሉ። ከሳምንት በፊት "ሐሙስ አንድ ሰዓት ቀድሜ ልውጣ፣ ዓርብ አካክሳለሁ" ያለ ሰው የሚያገኘው መልስ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ "መሄድ አለብኝ" ካለ ሰው ይለያል። ሁለተኛው መልክ የዚህ ተቃራኒ ነው፦ እሺ ባይነትን እንደ ትሕትና ቆጥሮ በምሳም በእራትም የሥራ ስልክ ማንሣት። ሁልጊዜ የሚታጠፈው እርስዎ ብቻ ከሆኑ ያ ስምምነት አይደለም፤ ከእራት በኋላ ስልክ እንደማያነሡ በትሕትና ግን በግልጽ አስቀድመው ይናገሩ።

ቀንና ሰዓት ማዛወርን ልምምዱን ራሱን በየሳምንቱ ከመቀያየር ጋር አያደባልቁት። አንድን እንቅስቃሴ ቢያንስ ለአንድ ወር ተኩል ሳይለውጡ ካልሠሩት ሰውነትዎ ይሻሻል አይሻሻል የሚያውቁበት መንገድ የለም።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉን በሚዛን መለካት ነው። የቡና ነጋዴው ሠልጣኜ ክብደታቸው ብዙም አልቀነሰም፤ በለቀማው ወራት በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ መሥራት አልቻሉም፣ እነርሱም በረንዳ ላይ ነበሩ። በኅዳር ወር ቤታቸው ቡና ጠርተውኝ ሄድሁ። የተቀመጡት ከአንድ እንጨት በተፈለፈለች ዝቅተኛ የጅማ በርጩማ ላይ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ከዚያችው በርጩማ ሲነሡ አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ፣ ሌላውን ልጃቸው ትከሻ ላይ ያሳርፉ እንደነበር አስታውሳለሁ። ያን ዕለት በር ተንኳኳ። ጋሼ ሲኒያቸውን እንደያዙ፣ ምንም ሳይደገፉ፣ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ተነሥተው ሄደው ከፈቱ።