ሼርድ ፎልደሩ በስሙ እምቢ ካለ በቁጥሩ ጥሩት

ትናንት ሲከፈት የነበረው ሼርድ ፎልደር (በኔትወርክ የምትጋሩት ፎልደር) ዛሬ አልገኝም አለ? ኬብል ከመነቃቀላችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሲኤምዲ (cmd፣ ትዕዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ክፈቱና ipconfig ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። አይፒቪ4 (IPv4) ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ያዙ፣ 192.168.1.20 ነው እንበል። ከዚያ በራሳችሁ ኮምፒውተር የዊንዶውስ ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫኑና \\192.168.1.20 ብላችሁ ኢንተር በሉ።

ከተከፈተ ፎልደሩም ኬብሉም ሰላም ናቸው፤ የጠፋው ስሙ ነው። ኮምፒውተሮች የሚገናኙት በቁጥር ስለሆነ፣ እናንተ "ሒሳብ ክፍል" ብላችሁ የሰየማችሁትን ወደ ቁጥር የሚቀይርላቸው ይፈልጋሉ። ትንሽ ቢሮ ውስጥ ይሄን የሚሠራ የራሱ ዲኤንኤስ ሰርቨር (ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይር ኮምፒውተር) ብዙ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ዊንዶውስ ኔትወርኩ ላይ "ሒሳብ ክፍል ማነው?" እያለ ይጣራል፣ ፋየርዎል (ከውጭ የሚመጣውን የሚያጣራው መከላከያ) ጥሪውን ከዘጋው ደግሞ አቤት የሚል የለም።

ፕሪንተርም ያው ነው፤ ፕሪንተር ስትጨምሩ ቲሲፒ አይፒ (TCP/IP) ፖርት የሚለውን መርጣችሁ በቁጥሩ ጨምሩት። ግን ቁጥሩን የሚያድለው ራውተሩ ነውና ሊቀይረው ይችላል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለዚያ ዕቃ ቁጥሩን ሪዘርቭ አድርጉለት (ሁሌ ያው ቁጥር እንዲሰጠው)፣ አለዚያ መብራት ሄዶ የመጣ ቀን ፕሪንተሩን ፍለጋ ልትገቡ ነው።

ዶሜይን (ሁሉም ኮምፒውተርና መግቢያ ከአንድ ማዕከል የሚመራበት አሠራር) ያለው ትልቅ መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን ይሄን ተዉት። እዚያ መግቢያው የሚረጋገጠው በስም ስለሆነ በቁጥር ስትመጡ ፓስወርድ ሊጠይቃችሁ ወይም ጭራሽ ሊከለክላችሁ ይችላል፤ የአይቲውን ሰው ጥሩት።