የካምፐራችን አልጋ አሁን በሁለት ጣት ይነሳል

ካምፐራችን (ለጉዞ የምናድርበት ባለ ጎማ ቤት) ውስጥ ሰፊው ዕቃ ማስቀመጫ አልጋው ስር ነው። ጣጣው መክፈቱ ነበር። በአንድ እጄ ኮምፔንሳቶውን ከነፍራሹ ተሸክሜ በሌላው ጀበናዋን ስፈልግ ስንቴ ጭንቅላቴ ላይ እንደወረደብኝ አልቆጥርም። ባለቤቴማ "በእንጨት ደግፈው በቃ" ብላ ተወችው።

ከፋብሪካ የመጡት ሁለት የጋዝ ዘንጎች ናቸው፣ የመኪና የኋላ በር ከፍተው እንደሚይዙት ዓይነት። እያንዳንዳቸው የሚገፉት 60 ፓውንድ ነው፤ ፍራሹን በወፍራም ስንቀይር አልቻሉትም። በርዝመት እኩል የሆኑ ባለ 100 ገዛሁ። ዘንጉ ላይ የተጻፈው በኒውተን ከሆነ ለ4.45 አካፍሉት፣ ፓውንዱን ይሰጣችኋል።

የተሳሳትኩት ዘንጉን ከኮምፔንሳቶው ጋር የሚያይዘውን ማሰሪያ በቪቴ ብቻ መግጠሜ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ከነእንጨት ፍርፋሪው ተነቅሎ መጣ። ከዚያ በትራፓኖ ኮምፔንሳቶውን አሳልፌ በሳሁትና ጠፍጣፋ ራስ ያለው ብሎን ከፍራሹ በኩል አስገብቼ፣ ከስር ላሜራ፣ ሮንዴላና ዳዶ አድርጌ አጠበቅኩት። ንቅንቅ የለም። የጋዝ ዘንጉ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች ይሁን፤ ውስጡ ያለው ዘይት ማሸጊያ ጎማውን እያራሰው ጋዙ ቶሎ አያመልጥም።

ደግሞ ፍራሹን ሳትመልሱ አትዝጉት! እኔ ስሞክረው ኮምፔንሳቶው እንደ ቀስት ጎበጠ፣ ተቀምጬበት ነው በግድ የዘጋሁት።

አሁን የቀረው ማጠፊያው ሲጥ የሚለው ነገር ነው፣ እሱን ቅዳሜ ቅባት እሰጠዋለሁ።