ኦርክኒ ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ኦርክኒ ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ማዶ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ቁጥራቸው 70 ገደማ ይሆናል፤ ሰው የሚኖረው ግን በ20ዎቹ ያህል ብቻ ነው። ነዋሪው ሁሉ ተደምሮ 22,000 ገደማ ነው። ከመሬቱ ሥር ያለው ታሪክ ግን ለትልቅ አገርም የሚበዛ ነው። ግብፅ ውስጥ ታላቁ ፒራሚድ ከመሠራቱ ከ500 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ እዚህ ሰዎች ከድንጋይ በተሠራ አልጋ ላይ ይተኙ ነበር። በዚያ ላይ ከ1991 ጀምሮ የሳይንስ ፌስቲቫል ይካሄድበታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ፌስቲቫሉንም፣ የጥንቱን ታሪክ ከመሬት የሚያወጣውን ቁፋሮም ለማየት የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሚከተሉት ነገሮች ላይ ነው።

ፌስቲቫሉንና ቁፋሮውን በአንድ ጉዞ አያለሁ ማለት

ፌስቲቫሉ ሴፕቴምበር ላይ ነው። ቁፋሮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጁላይና ኦገስት ላይ ነው፤ ያኔ የዚያ አገር በጋ ነው፤ ቀኑ ረጅም ነው፣ አየሩም ትንሽ ይራራል። ሴፕቴምበር ላይ የደረሰ ሰው የሚጠብቀው ጉድጓዱ ሳይሆን የጉድጓዱ ክዳን ሊሆን ይችላል፦ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ከላይ ደግሞ ነፋስ እንዳይወስደው የተደረደረ አሮጌ ጎማ።

ይባስ ብሎ የቆየ ፎቶ አይቶ የሚሄድ አለ። ኔስ ኦፍ ብሮድጋር የተባለው፣ የጥንት የድንጋይ ሕንፃዎች ያሉበት ዝነኛ ቦታ ከ2003 ጀምሮ በየበጋው ሲቆፈር ኖሮ ኦገስት 2024 ላይ ተዘጋ። ከዚያም አፈር ተመለሰበት። «ይህን ሁሉ ዘመን ቆፍረው መልሰው ቀበሩት?» ብሎ የሚገረም አይጠፋም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአካባቢው ድንጋይ ለነፋስና ለዝናብ ሲጋለጥ እየተላጠ ይፈረካከሳል። አፈሩ 5,000 ዓመት ጠብቆታል፤ ከአፈር የተሻለ ጠባቂ ገና አልተገኘም።

ቁፋሮን ወርቅ ፍለጋ ማድረግ

ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቆሞ «እስካሁን ምን አገኛችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ልቡ ወርቅ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ግን ተንበርክካ፣ ግንበኛ ስሚንቶ የሚለስንበትን በመሰለች ትንሽ መሣሪያ አፈሩን በስሱ እየፋቀች ነው። የምታየው የቀለም ለውጥ ነው። ቡናማው አፈር ድንገት ወደ ቀይ ብርቱካናማ ከዞረ እሳት ነድዶበታል ማለት ነው። ግራጫ ከሆነ አመድ ሊሆን ይችላል። የዚህ ሙያ ትልቁ ሀብት የጥንት ሰው የጣለው ቆሻሻ ነው።

ለምሳሌ ኔስ ኦፍ ብሮድጋር ላይ ካሉት ሕንፃዎች ትልቁን ሲቆፍሩ ዙሪያውን የከብት አጥንት ክምር አገኙ። በመቶ የሚቆጠሩ ከብቶች ናቸው፤ አብዛኛው አጥንት ደግሞ ቅልጥም ነው። መቅኑ እንዲወጣ ተሰብሯል። ያ ሕንፃ አገልግሎቱ ሲያበቃ ትልቅ ድግስ ተደግሶለት ነበር ማለት ነው። ይህን የነገረን ወርቅ አይደለም፣ የተጋጠ አጥንት ነው።

ዕቃ ቢገኝም ትልቅ መሆን የለበትም። በ2009 ዌስትሬይ ደሴት ላይ የተገኘችው የሰው ቅርጽ 4 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ናት። ሁለት ዓይንና ቅንድብ ተጭሮባታል። እጃችሁ ላይ ብትገባ ጠጠር ናት ብላችሁ ልትጥሏት ትችላላችሁ።

«አንዲት ስባሪ ብወስድ ምን አለበት?»

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የሸክላ ስባሪ ዋጋዋ ራሷ ላይ አይደለም፣ የተኛችበት ቦታ ላይ ነው። የትኛው ንብርብር ውስጥ ነበረች? አጠገቧ ምን ነበረ? ከሥሯ ያለው አመድ የስንት ዘመን ነው? ኪሳችሁ ውስጥ ከገባች በኋላ ይህን ማንም ሊመልስ አይችልም። አፉን የዘጋ ምስክር ትሆናለች።

ስካራ ብሬ የሚባለው የጥንት የድንጋይ መንደር ይህ ደርሶበታል። በ1850 ክረምት ማዕበል ሣሩን ገሽልጦ ነው ያጋለጠው። በ1913 ደግሞ አካፋ የያዙ ሰዎች መጥተው ቦታውን ዘረፉት። ስንት ዕቃ እንደሄደ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ሕጉም ግልጽ ነው። በስኮትላንድ ከመሬት የተገኘ ባለቤት አልባ ጥንታዊ ዕቃ የመንግሥት ነው፤ ሪፖርት ማድረግ ግዴታ ነው። ባሕሩ ዳርቻውን ስለሚበላው ድንገት የሆነ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። ፎቶ አንሡ፣ ቦታውን በትክክል መዝግቡ፣ አትንኩት፣ ሙዚየም ተናገሩ።

አጥር ዘልሎ መግባት

ብዙው ቅርስ ያለው በገበሬ ማሳ መካከል ነው። ድሮ ስቴንስ አካባቢ የኦዲን ድንጋይ የሚባል መሐሉ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ቆሞ ነበር። ፍቅረኞች በቀዳዳው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይማማሉ ነበር። በ1814 መሬቱን የተከራየ ገበሬ ሰው በማሳው እየተመላለሰ ሲያስቸግረው ድንጋዩን ሰባብሮ ጣለው። ሰውየው ያጠፋው ጥፋት ነው፤ ግን ማሳው የተረገጠበት ሰው ምን ያህል እንደሚናደድም ያሳያል። በሩን ስትገቡ ከፍታችሁ ከሆነ ስትወጡ ዝጉት።

ድንጋይ ላይ ስም መጻፍ

ሜስሃው የተባለው የጥንት መቃብር ውስጥ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ቫይኪንጎች (ከስካንዲኔቪያ የመጡ ባሕረኛ ተዋጊዎች) ገብተው ግድግዳው ላይ ሞነጫጭረዋል። ያ ዛሬ ራሱ ቅርስ ሆኗል። የእናንተ ግን ወንጀል ነው። በ800 ዓመት ዘገያችሁ።

ስሞቹን ማደባለቅ

የኦርክኒ ትልቁ ደሴት ስሙ «ሜይንላንድ» ነው፤ በእንግሊዝኛ «ዋናው ምድር» ማለት ነው። ስለዚህ «ነገ ወደ ሜይንላንድ እመለሳለሁ» ብላችሁ ስኮትላንድን ማለታችሁ ከሆነ፣ የሚሰማችሁ ሰው ግራ ይገባዋል፤ እዚያው ቆማችሁ ነዋ። «ዘ ኦርክኒስ» ማለትም አይወደድም። ኦርክኒ ይበቃል።

ፕሮግራም አጨናንቆ መያዝ

ከስኮትላንዱ ስክራብስተር ወደብ ወደ ኦርክኒዋ ስትሮምነስ ጀልባው 90 ደቂቃ ነው፣ ነፋሱ ከፈቀደ። ካልፈቀደ ይቀራል። ወደ ትንንሾቹ ደሴቶች ስትሄዱም እንዲሁ ነው። ፓፓ ዌስትሬይ ላይ ናፕ ኦፍ ሃዋር የሚባሉ ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው ሁለት የድንጋይ ቤቶች አሉ። ከዌስትሬይ ወደዚያ የሚደረገው በረራ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ በዓለም አጭሩ መደበኛ በረራ ነው። ለሁለት ደቂቃ በረራ አንድ ሙሉ ቀን መመደብ ሞኝነት ይመስላል፤ ግን መድቡ።

«ቁፋሮው ካለቀ ምን ቀረ?» ብሎ የፌስቲቫሉን ንግግሮች መዝለል

በጋ የተቆፈረው ክረምት ላይ ይታጠባል፣ ይለካል፣ ይመረመራል። ይህን ሥራ ከሠሩት ሰዎች አፍ መስማት ጉድጓድ ከማየት አያንስም። ሙዚየሞቹንም አትለፉ። ስካራ ብሬ ላይ በ1860ዎቹ ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተቀረጸች፣ 10 ሴንቲሜትር የማትሞላ የሰው ቅርጽ ተገኝታ ነበር። ከዚያ ጠፋች፤ ሰው የሚያውቃት ከሥዕል ብቻ ሆነ። በ2016 ተገኘች። ያገኛት ሰው ግን አፈር አልቆፈረም። ስትሮምነስ ሙዚየም ውስጥ ሣጥን ውስጥ ነበረች።