ስሌቱ እምቢ ሲል፦ የውህዶችን ዝርዝር በነጻ ሶፍትዌር ለምታጣሩ

ለመድኃኒት ምርምር የሰበሰብነውን የውህድ ዝርዝር በነጻ ሶፍትዌር ስናጣራ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የምንረግመው ኢንተርኔቱን ነው። ቀጥሎ ሶፍትዌሩን። የራሳችንን ፋይል የምንጠረጥረው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ግን ከፋይሉ ጀምሩ ባይ ነኝ።

ምልክት፦ ስዊስአድሚ (ውህዶች ለመድኃኒትነት ያላቸውን ባሕርይ የሚገምት ነጻ ድረገጽ) ላይ ዝርዝሩን ብትለጥፉም በትክክል አያነበውም።
ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኤክሴል ተከትሎ የመጣ ርዕስ ወይም ኮማ ነው። ርዕሱን አጥፉ። በአንድ መስመር አንድ ውህድ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ስማይልሱ፣ ማለትም መዋቅሩ በፊደልና በምልክት የተጻፈበት፤ ከዚያ ክፍት ቦታ፤ ከዚያ ስሙ።

ምልክት፦ የታወቀ መድኃኒት ክብደቱ በዝቷል ተብሎ ይወድቃል።
ምክንያቱ ከመድኃኒቱ ጋር የተጣመረው ጨው ነው። ለደም ካንሰር የሚሰጠውን ኢማቲኒብን ውሰዱ። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 493.6 ስለሆነ ከሊፒንስኪ (ውህዱ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት ይመች እንደሆነ የሚመዘንበት ደንብ) የ500 ወሰን በታች ነው። ሜሲሌት ከሚባለው ጨው ጋር ሲመዘን ግን 589.7 ይሆናል። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ የሰጣችሁትን መዘነ። ስማይልሱ መሃል ነጥብ ካያችሁ፣ ከአንድ በላይ ነገር አብሮ ተጽፏል ማለት ነው። ትልቁን ክፍል ብቻ ያዙ፣ ሌላውን አጥፉ።

ምልክት፦ ድግግሞሽ ስታስወግዱ የተለያዩ መድኃኒቶች አብረው ይጠፋሉ።
ይሄኛው ተንኮለኛ ነው፤ ምንም ስህተት አለ ብሎ አይነግራችሁም። ኩዊኒንና ኩዊኒዲን በቀመር አንድ ናቸው። አተሞቻቸውም በአንድ ዓይነት መንገድ ተያይዘዋል። የሚለያዩት አንዳንድ አተሞች በቦታ ውስጥ በዞሩበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ግን አንዱ የወባ መድኃኒት ነው (እኛ እንክብሉን ሁሉ ኪኒን የምንለው ከእሱ ስም ወስደን ነው)፣ ሌላው የልብ ምት መዛባትን ለማስተካከል ይሰጣል። ስማይልስ ውስጥ አቅጣጫውን የሚይዘው የ@ ምልክት ነው። ምልክቱ የሌለበትን ቅጂ ከወሰዳችሁ ለሶፍትዌሩ ሁለቱ አንድ ናቸው። ስለዚህ ወደ ምንጩ ተመለሱና አቅጣጫ ያለበትን ስማይልስ አውርዱ። የጎደለውን በግምት ለመሙላት አትሞክሩ። ከዕፅዋት የወጡ ውህዶች ላይ የምትሠሩ ደግሞ በተለይ ተጠንቀቁ፤ እንዲህ ዓይነት አተሞች እነሱ ላይ ይበዛሉ።

ምልክት፦ ለዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ውህዶች ዝቅተኛ የታኒሞቶ ነጥብ (ከ0 እስከ 1 የሚሰጥ የመመሳሰል መለኪያ) ያገኛሉ።
ሶፍትዌሩ የተጠቀመበትን የጣት አሻራ ዓይነት፣ ማለትም መዋቅሩን ለማነጻጸር ወደ ቁጥር የቀየረበትን መንገድ እዩ። ማክስና ሞርጋን ሁለት የአሻራ ዓይነቶች ናቸው፤ በማክስ የለመዳችሁትን የ0.85 ወሰን ወደ ሞርጋን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ምንም ተመሳሳይ ላይገኝ ይችላል። ወሰኑን ለየአሻራው አስተካክሉ።

ምልክት፦ ገጹ ይሽከረከራል፣ ውጤት የለም።
ዝርዝሩ በዝቶበት ይሆናል። ከፋፍላችሁ ላኩ። ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ከድረገጽ ጋር ከምትታገሉ ዳታዋሪየር የሚባለውን ፕሮግራም አንዴ አውርዳችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ጫኑት። እሱም ነጻ ነው፣ ትንተናውንም እዚያው ይሠራል። ገና ያልታተመ ውህድ የያዘ ሰው በድረገጽ ከመለጠፉ በፊት ይህን ቢመርጥ ደስ ይለኛል።