ሜክሲኮን ትነኩታላችሁ፣ ፒከሩ ግን አይሰማም

ለገሃር አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ የባቡር ፌርማታ የሚያስመርጥ ትንሽ አፕ በስዊፍትዩአይ (የአፕል የአፕ ገጽታ መሥሪያ) እየሠራሁ ነበር። ዝርዝሩ ወጣ። ሜክሲኮን ነካሁ። ዝርዝሩ ተዘጋ፣ ከታች «የመረጡት ፌርማታ» የሚለው ቦታ ላይ ግን ያው ስታዲየም። ልደታን ሞከርኩ፣ ያው ነው። ኮዱን ወደ አፕ የሚቀይረውና ስህተት ሲያይ የሚናገረው ኮምፓይለር ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒከር፣ ማለትም ያ የምርጫ ዝርዝር፣ ዓይናችሁ የሚያየውን ጽሑፍ አይደለም የሚመርጠው፤ ከጽሑፉ ጀርባ ያለውን ታግ፣ የረድፉን ድብቅ መለያ ነው። ረድፎቹን ከዳታው አንድ በአንድ በሚያወጣው በፎር-ኢች ስትደረድሩ እናንተ ታግ ካልሰጣችሁ፣ ስዊፍትዩአይ ራሱ የእያንዳንዱን አይዲ (ዳታው ላይ ያለውን መለያ) ወስዶ ታግ ያደርገዋል። የኔ ፌርማታዎች አይዲያቸው ቁጥር ነበር፣ ኢንት። ምርጫውን እንዲይዝ ያዘጋጀሁት ቫሪያብል ደግሞ ስሙን የሚጠብቅ ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ። 3 ቁጥር እና «ሜክሲኮ» የሚለው ቃል በምን ይገናኛሉ? አይገናኙም፣ ስለዚህ የነካሁት ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። አፑን የምትሠሩበት ኤክስኮድ የሚያወጣው የመልእክት መስኮት (ኮንሶል) ላይ የተመረጠው ዋጋ ታግ እንደሌለው የሚናገር መስመር ካያችሁ እንዳታልፉት፣ የሚነግራችሁ ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ ቫሪያብሉን ከአይዲው ጋር አንድ ዓይነት አድርጉት። አይዲው ኢንት ከሆነ ኢንት፣ ስትሪንግ ከሆነ ስትሪንግ። ስሙ ሲያስፈልጋችሁ በአይዲው ፈልጋችሁ ታወጡታላችሁ። የግድ ስሙን ነው መያዝ የምፈልገው ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ላይ ስሙን ታግ አድርጋችሁ በእጃችሁ ጻፉ። እኔ ግን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ስም ይደገማል።

እንዴት ይደገማል? በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡራችን ሁለት መስመር አለው፣ አንዱ ከምሥራቅ ምዕራብ፣ አንዱ ከሰሜን ደቡብ። መሃል ከተማ ላይ፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ፣ ሁለቱም አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። የሁለቱንም ፌርማታዎች አንድ ዝርዝር ውስጥ ከከተታችሁ ሜክሲኮ ሁለት ጊዜ ይመጣል። አይዲው ስሙ ከሆነ ሁለቱ ረድፎች ለፒከሩ አንድ ናቸው፤ ተሳፋሪው የትኛውን መስመር እንደፈለገ የምታውቁበት መንገድ የለም። የመስመሩን ኮድና የፌርማታውን ኮድ አጣምራችሁ አይዲ አድርጉት፣ ያልቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያደናግረው ዩዩአይዲ ነው፣ በተፈጠረ ቁጥር አዲስ የሚሆን ረጅም የዘፈቀደ መለያ። ዳታው ከሰርቨር በመጣ ቁጥር ለእያንዳንዱ ፌርማታ አዲስ ዩዩአይዲ የምትፈጥሩ ከሆነ፣ ገጹ ሪፍሬሽ ሲደረግ የድሮው ምርጫ ባለቤት ያጣል። ሰውየው ልደታን መርጦ ነበር፤ አሁን የትኛውም ረድፍ ላይ የራይት ምልክት የለም። አይዲው ከዳታው ጋር ይምጣ፣ ስልኩ ላይ አይፈጠር። የረድፉን ተራ ቁጥር አይዲ ማድረግም ያው ነው፤ መሃል ላይ አንድ ፌርማታ ሲጨመር የተቀመጠው ምርጫ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል።

«ገና አልተመረጠም» የሚል ረድፍ ካላችሁ ቫሪያብሉ ኦፕሽናል፣ ማለትም ባዶም መሆን የሚችል፣ ይሆናል። ያኔ የሌሎቹም ታግ ኦፕሽናል መሆኑን አረጋግጡ፣ በተለይ የቆዩ የአይኦኤስ ስሪቶችን የምትደግፉ ከሆነ።

አሁንም ካልሠራ ከፒከሩ ሥር አንድ ጽሑፍ አስቀምጡና የቫሪያብሉን ዋጋ እንዳለ አሳዩበት። ሜክሲኮን ነክታችሁ ዋጋው ካልተቀየረ፣ ችግሩ ዲዛይኑ ላይ ሳይሆን ታጉ ላይ ነው።